የሚያድግ የቤተ እስራኤል ማኅበር እንዴት ይደገፋል? በእስራኤል ላሉ ትናንሽ ማኅበራት ደጋፊዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ቤተ እስራኤላውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች፣ በነታንያም ሆነ በረሖቮት፣ በአሽዶድም ሆነ በቅርያት ማልአኺ፣ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው ያቋቋሟቸው ትናንሽ ማኅበራት አሉ። አንዱ ልጆችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያስጠናል። ሌላው አረጋውያንን ወደ ብሔራዊ መድን ቢሮና ወደ ሐኪም ቤት ያጅባል፣ ደብዳቤ ያነብላቸዋል፣ ቅጽ ይሞላላቸዋል። ሌላው ደግሞ የስግድን በዓል ጉዞ ያዘጋጃል፣ ወጣቶችን ከቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች፣ ከቄሶች ጋር ያገናኛል። አብዛኞቹ ያለ አንድ ደመወዝተኛ የተጀመሩ ሲሆን ለዓመታትም በመሥራቾቻቸው ጉልበትና ኪስ ቆመዋል።

እንዲህ ያለ ማኅበር ለአደጋ የሚጋለጠው ማደግ በጀመረበት ወቅት ነው። ገንዘቡ ይገባል፣ ተገልጋዩ ይበዛል፣ ሥራው ግን በሁለትና በሦስት ሰዎች ትከሻ ላይ እንደነበረ ይቀራል። ሪፖርት ይዘገያል፣ ፈቃድ ሳይታደስ ያልፋል፣ አባላትም ማን ምን እንደወሰነ ሳያውቁ ይቀራሉ፤ ውሎ አድሮም ሰው ሁሉ ያመሰግነው የነበረው ማኅበር ሐሜት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጠበቃም ይሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ ለጋሽም ይሁን ጡረታ የወጣ ሠራተኛ፣ መደገፍ የሚፈልግ ሰው ዋና ድርሻው አዲስ ፕሮጀክት ይዞ መምጣት ሳይሆን ያለው ሥራ የሚቆምበትን አጥንት ማጠንከር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውም ይህንኑ በተግባር እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ነው።

እድገቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ

ከሁሉ አስቀድሞ ማኅበሩ ለምን እንዳደገ ይጠይቁ። በማኅበረሰባችን እድገት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዝግታ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ ቀደም ብለው በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡት ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ አስተርጓሚ፣ አማካሪና ተቀባይ ሆነው ተገኝተዋል። ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲመጡም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አዲስ መጤ ቤተሰብ ከመቀበያ ማዕከል ወጥቶ ቤት ሲፈልግ ዘመድ ወዳለበት ሰፈር ማድላቱ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ በሰፈሩ ያለችው ትንሽ ማኅበር በአንድ ወቅት ውስጥ የተገልጋይዋ ቁጥር በእጥፍ ሊያድግ ይችላል።

እድገቱ በዚህ መንገድ የመጣ ከሆነ ማኅበሩ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ የሚያስተረጉም፣ የሚያጅብ፣ ስልክ የሚያነሳ። እድገቱ ከአንድ ትልቅ ለጋሽ የመጣ ከሆነ የሚያስፈልገው የሒሳብ አያያዝና ሪፖርት ነው። ከማዘጋጃ ቤት ጋር በተደረገ ስምምነት የመጣ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያነብ ጠበቃ ያስፈልጋል። ሦስቱን ሳይለዩ የሚሰጥ ድጋፍ፣ በቅንነት ቢሰጥም፣ ለማኅበሩ ተጨማሪ ስብሰባ ከመሆን አያልፍም።

ከመናገርዎ በፊት የሚያነቡት ነገር አለ። መተዳደሪያ ደንቡን፣ የመጨረሻዎቹን የቦርድና የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤዎች፣ የባንክ መግለጫውን፣ ማኅበራትን ከሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ፣ ከማኅበራት መዝጋቢ የተላኩ ደብዳቤዎችን፣ የቤቱን የኪራይ ወይም የአጠቃቀም ውል ይጠይቁ። እነዚህ ወረቀቶች በአንድ ቦታ ካልተገኙ የመጀመሪያ ሥራዎ እነሱን ማሰባሰብ ነው። ግማሹ በሊቀ መንበሩ ቤት፣ ግማሹ በቀድሞው ገንዘብ ያዥ ኢሜይል ውስጥ የቀረ የማኅበር ሰነድ ማኅበሩ በሚፈልገው ቀን አይገኝም።

ሕጋዊው መሠረት

በእስራኤል እንዲህ ያለ ማኅበር፣ በተለመደው አነጋገራችን አሙታ የምንለው፣ የሚተዳደረው በ1980 በወጣው የማኅበራት ሕግ ነው። ለማቋቋም ሁለት መሥራቾች ይበቃሉ፤ መመሥረት ቀላል በመሆኑም ብዙዎች አሙታ ማስተዳደርም እንዲሁ ቀላል ይመስላቸዋል። ሕጉ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ቦርድ እና ቁጥጥርን የሚያከናውን ኮሚቴ ወይም አካል እንዲኖር ይጠይቃል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የቦርድም የቁጥጥር ኮሚቴም አባል መሆን አይችልም። በትንሽ ማኅበር ውስጥ የቁጥጥር ኮሚቴው ብዙ ጊዜ ለስም ብቻ የተመዘገበ ነው፤ እድገት በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ መነቃቃት ያለበት እሱ ነው። ጊዜ ያለው፣ ሰነድ ማንበብ የማይሰለቸው፣ ከቦርዱ አባላት ጋር የጋብቻም ሆነ የሥጋ ዝምድና የሌለው ሰው ማፈላለግ ለደጋፊ ተገቢ ሥራ ነው።

ከመንግሥት ገንዘብ ለማግኘት፣ ከብዙ የግል ፋውንዴሽኖችም ጭምር፣ መዝጋቢው የሚሰጠው የመልካም አስተዳደር ማረጋገጫ፣ በዕብራይስጥ ኒሁል ታኪን የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው በመደበኛነት የሚሰጠው ማኅበሩ ለሁለት ዓመት ያህል ከሠራና ሪፖርቶቹን በሥርዓት ካቀረበ በኋላ ነው፤ የሚያገለግለውም ለተወሰነ ጊዜ በመሆኑ በየጊዜው መታደስ አለበት። ያለፈው ዓመት የሒሳብ ሪፖርትና ሥራውን በጽሑፍ የሚያብራራው ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቀው እስከ ጁን 30 ድረስ መቅረብ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ የጉባኤው ቀን በሜይ ወር፣ ቢዘገይ በጁን መጀመሪያ ላይ መቆረጥ አለበት። የሒሳብ ባለሙያው ሪፖርቱን የሚያስረክበው መቼ እንደሆነ በጃንዋሪ ከጠየቁት ይደርሳል፤ በሜይ ከጠየቁት ግን እርስዎን የሚመስሉ ብዙ ደንበኞች ከፊትዎ ተሰልፈዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በገቢ ግብር ድንጋጌ አንቀጽ 46 መሠረት የሚገኘው እውቅና ነው። ይህ እውቅና ያለው ማኅበር ለሚሰጠው ደረሰኝ ለጋሹ ከልገሳው 35 በመቶውን ከሚከፍለው ግብር ላይ ያስቀንሳል፤ የልገሳው ዝቅተኛ መጠንና ጣሪያ ግን በሕግ የተወሰነ ነው። በእስራኤል አድገው ጥሩ ደመወዝ የሚያገኙ የማኅበረሰባችን ልጆች እየበዙ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ ከእነሱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለመሰብሰብ ይህ እውቅና ትልቅ በር ይከፍታል። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ገንዘቡ ከሚፈለግበት ቀን ብዙ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

ጉባኤው ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ይሁን

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሲያድጉ የተሰበሩ ማኅበራት ብዙዎቹ የተሰበሩት እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ ትንሽ በነበረበት ጊዜ ሁሉም ሰው ሁሉን ያውቃል፤ ወሬው በምኩራብ በር፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ ይደርሳል። ሲያድግ ስብሰባው በዕብራይስጥ ይሆናል፣ ሰነዱ በዕብራይስጥ ይጻፋል፣ ጥሪው በስልክ መልእክት ይላካል። ከጎንደር መንደሮች የመጡ አባቶችና እናቶች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኙ፣ በራሳቸው ማኅበር ውስጥ እንግዳ ይሆናሉ። ከትግራይ የመጡት ደግሞ የአፍ መፍቻቸው ትግርኛ በመሆኑ አማርኛው ብቻውን አይበቃቸውም። ድምፅ ይሰጣሉ፤ ለምን ነገር እጃቸውን እንዳነሱ ግን አልተነገራቸውም።

በሕጉ ላይ የተያያዘው መደበኛ መተዳደሪያ ደንብ የጉባኤ ጥሪ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና አጀንዳውን ገልጾ እንዲደርስ ያዛል፤ ጉባኤውም ከአባላቱ ቢያንስ አንድ አራተኛው ሳይገኝ አይከፈትም። ማኅበሩ የራሱን ደንብ ከጻፈ የራሱን ይከተላል። ደጋፊው ግን ከሕጉ ትንሹ መጠን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጥሪውን በጽሑፍ ከመላክ ጋር ለእያንዳንዱ አረጋዊ አባል ስልክ ይደወልለት፤ የሚደውለውም በስሙና በአክብሮት አጠራሩ የሚያውቀው ሰው ይሁን። ሰንበት ላይ በምኩራብ ቄሱ ወይም ሽማግሌው ጉባኤ መኖሩን እንዲያስታውስ ይጠየቅ። ጉባኤውን በስግድ ሰሞን ወይም በፋሲካ ዝግጅት ሳምንት አይጥሩት።

በጀቱን በማቅረብ ጊዜ ሠንጠረዡን በግድግዳ ላይ ማብራት አይበቃም። አንድ የምወደው አሠራር አለ፤ በጀቱ ወደ አራት ወይም አምስት ትላልቅ ወጪዎች ተጠቃሎ በአማርኛ፣ ከዚያም በትግርኛ፣ ጮክ ብሎ ይነገራል፦ ለአስጠኚዎች ይህን ያህል፣ ለአረጋውያን ምሳ ይህን ያህል፣ ለስግድ አውቶቡስ ይህን ያህል፣ ለሒሳብ ባለሙያና ለኢንሹራንስ ይህን ያህል። ከእያንዳንዱ ቀጥሎ ዝም ተብሎ ጥያቄ ይጠበቃል። ዝምታው ለወጣቱ አቅራቢ ረጅም ይመስለዋል፤ ነገር ግን የአባቶች ጥያቄ የሚመጣው ሌላው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ሌላውን አቋርጦ መናገር ነውር ነውና። አንዲት እናት «የሒሳብ ሰው ለምን ይህን ያህል ይከፈለዋል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም እዚያው በአማርኛ ሊሰጣቸው ይገባል፦ እሱ የሚፈርመው ወረቀት ከሌለ ማረጋገጫው አይታደስም፣ ማረጋገጫው ካልታደሰ የልጆቹ የጥናት ገንዘብ አይመጣም። ይህን በጆሯቸው የሰሙ አባል በማግስቱ ሐሜት ሲነሳ ለማኅበሩ ጠበቃ ይሆናሉ።

ቃለ ጉባኤው በዕብራይስጥ ሊጻፍ ግድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ውሳኔዎቹ አንድ በአንድ ተተርጉመው ይነበቡ። ለአስተርጓሚ የሚወጣው ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ በራሱ ስም የተጻፈ መስመር ይኑረው፤ የማንም የልጅ ልጅ በነጻ ተርጓሚ ሆኖ ቢቀመጥ ስለ ገንዘብ የሚነገረውን ነገር ለማለስለስ ይገደዳልና።

መተማመን እና ደረሰኝ

በእስራኤል ያሉ እናቶቻችን ዕቁብ ይጥላሉ። ያለ ባንክና ያለ ውል፣ በቃልና በመተዋወቅ ብቻ ብዙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ይህም ማኅበረሰቡ ለመተማመን ምን ያህል ትልቅ ቦታ እንደሚሰጥ ያሳያል። ትናንሽ ማኅበራትም የተጀመሩት በዚህ መንፈስ ነው። ለዚህ ነው ደረሰኝ ሲጠየቅ አንዳንድ መሥራቾች ልባቸው የሚሰበረው፤ ጥያቄውን «አታምኑኝም?» ብለው ይሰሙታል።

ይህን ስሜት ሳይንቁ ሥርዓቱን ማስገባት ይቻላል። ከስግድ ጉዞ ይጀምሩ። በአይሁድ አቆጣጠር ማርኼሽቫን 29 ቀን ከብዙ ከተሞች ሰው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሀናጺብ ኮረብታ ይወጣል፤ ቀኑ በ2008 በእስራኤል ፓርላማ፣ በክኔሴት ሕግ የሀገር በዓል ሆኖ ከታወቀ ወዲህ ጉዞው ይበልጥ ሰፍቷል። ጉዞውን የሚያዘጋጅ ማኅበር አውቶቡስ ይከራያል፣ ውኃና ምግብ ይገዛል፣ ከተጓዦች መዋጮ ይቀበላል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ብዙውም በጥሬ ገንዘብ ይፈጸማል። ለዚያ ቀን አንድ ወፍራም ፖስታ፣ አንድ የደረሰኝ ጥራዝና ሁለት ሰው ይመድቡ። አንዱ ይቀበላል፣ ሌላው ይጽፋል። በማግስቱ ሁለቱ አብረው ቆጥረው ይፈርማሉ፤ ገንዘቡም በዚያው ሳምንት ባንክ ይገባል። አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ከተሠራ፣ ደረሰኙ ገንዘብ የያዘውን ሰው ከሐሜት እንደሚጠብቀው ራሱ ገንዘብ ያዡ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ በባንክ ሁለት ፈራሚዎች እንዲኖሩ፣ በየወሩም የባንክ መግለጫ ለቦርዱ እንዲቀርብ ማድረግ ቀላል ይሆናል።

የሚዘገየው ገንዘብ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለማኅበራት ገንዘብ የሚሰጡበት አንዱ ዋና መንገድ በ1985 የወጣው የበጀት መሠረት ሕግ አንቀጽ 3ሀ ነው። በዚህ መሠረት የድጋፍ መመዘኛዎች ይወጣሉ፣ ጥሪ ይታወጃል፣ ማኅበራት ያመለክታሉ። ትንሹ ማኅበር ብዙ ጊዜ የማይገነዘበው ነገር ቢኖር የድጋፉ ገንዘብ የሚለቀቀው በአብዛኛው ሥራው ከተሠራና ወጪው በሪፖርት ከተረጋገጠ በኋላ መሆኑን ነው። ማኅበሩም የበኩሉን ድርሻ ከሌላ ምንጭ ማምጣት ሊጠበቅበት ይችላል። እንግዲህ ማኅበሩ ድጋፉን «አሸነፈ» ማለት ለወራት የአስጠኚዎችን ደመወዝ ከራሱ ኪስ ይከፍላል ማለት ነው። የመንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር ደግሞ መዘግየቱ ይብሳል፤ ከ2018 በኋላ አዲስ የመንግሥት በጀት በክኔሴት የጸደቀው በኖቬምበር 2021 ነበርና በዚያ መካከል በመንግሥት ድጋፍ ላይ ብቻ የቆመ ማኅበር ሁሉ ተጨንቋል።

ስለዚህ ማንኛውም ማመልከቻ ከመላኩ በፊት ቀላል የገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ በየወሩ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚወጣ፣ በየትኛው ወር ባዶ እንደሚሆን። ባዶው ወር አስቀድሞ ከታወቀ ከለጋሽ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ፣ ሥራውን በአንድ ወር ማዘግየት፣ ወይም ለማኅበራት ብድር ከሚሰጥ ተቋም ማመልከት ይቻላል። በ1990 የእስራኤል ነጻ ብድር ማኅበር ተብሎ የተጀመረውና ዛሬ ኦጌን የሚባለው ተቋም ለማኅበራትም ብድር ያቀርባል። መሥራቹ ቤቱን አስይዞ ወይም በግል ክሬዲት ካርዱ የማኅበሩን ደመወዝ እንዲሸፍን ግን በፍጹም አይፍቀዱ። ይህን ያደረጉ ቅን ሰዎች አሉ፤ ዕዳው ከቤተሰባቸው ጋር አጣልቷቸዋል፣ ከማኅበሩም ጋር ያላቸውን ሒሳብ ግራ የተጋባ አድርጎታል።

በአሜሪካ ያሉ አይሁዳውያን ለጋሾች በግብር ተቀናሽ የሆነ ልገሳ ለመስጠት በአሜሪካ የተመዘገበ አስተላላፊ ይፈልጋሉ። ከ1922 ጀምሮ የሚሠራው ፔፍ የተባለው ድርጅት ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ለጋሹ የመረጠው ማኅበር መመዘኛውን ካሟላ ገንዘቡ በእሱ በኩል እንዲደርሰው ያደርጋል። የሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ፌዴሬሽኖችም ከእስራኤል ከተሞች ጋር በሚያደርጉት አጋርነት ትናንሽ ሥራዎችን ይደግፋሉ። ለእነዚህ ለጋሾች የሚጻፈው ደብዳቤ ልጆቻችንን ምስኪን አድርጎ እንዳያቀርብ አጥብቄ እለምናለሁ። ማኅበሩ የሚሠራውን፣ የሚሠሩትን ሰዎችና የጎደለውን በግልጽ ይጻፍ። የልጅ ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይላክ፤ ወላጁም የሚፈርመውን በሚገባው ቋንቋ ይረዳ።

ለጋሽ ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከልገሳዎ ቢያንስ ከፊሉን ለሒሳብ ባለሙያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለአስተርጓሚና ለቢሮ ሥራ እንዲውል በጽሑፍ ይፍቀዱ። የማኅበራት መዝጋቢው ለአስተዳደር ወጪ ጣሪያ አስቀምጧል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ያለ ልክ ይባክናል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ለኮምፒውተር ክፍል ገንዘብ የሚሰጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ክፍሉን ከፍቶ የሚዘጋውን ሰው ደመወዝ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ደመወዝተኛ

ማኅበሩ ሠራተኛ በሚቀጥርበት ቀን አሠሪ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የጽሑፍ ውል፣ የወር የደመወዝ መግለጫ፣ የብሔራዊ መድን ክፍያና ከ2008 ጀምሮ በሀገሪቱ ሁሉ ግዴታ የሆነው የጡረታ ቁጠባ ይከተላሉ። ለትርፍ ያልተቋቋመ አካል እንደመሆኑም ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከተወሰነ መጠን ካለፈ 7.5 በመቶ የደመወዝ ግብር ይከፍላል። እነዚህን ሁሉ ደምረው ለቦርዱ «አንድ ሠራተኛ በወር ሙሉ ዋጋው ይህ ነው» ብለው በቁጥር ያሳዩ፤ ብዙ ቦርዶች የሚያስቡት በሠራተኛው እጅ የሚገባውን ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ጉዳይ የሚነሳው ለዓመታት በነጻ የደከመው መሥራች ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ይሁን ሲባል ነው። ይገባዋል፤ ነገር ግን የቦርድ አባል ሆኖ ደመወዝተኛ መሆን አይቻልም። ከቦርዱ በደብዳቤ መልቀቅ፣ መልቀቁም ለመዝጋቢው መመዝገብ፣ ደመወዙንም እሱ በሌለበት ስብሰባ ቦርዱ መወሰን አለበት። ዘመዳሞች በሚበዙበት ማኅበረሰብ ውስጥ ዝምድናን ለመግለጽ ማፈር አያስፈልግም፤ «እኅቴ ናት» ብሎ በቃለ ጉባኤ ማስጻፍና ከውሳኔው መውጣት ማኅበሩን ያድነዋል፣ ዝም ማለት ግን ያጠፋዋል።

ከልጆች ጋር የሚሠራ ማኅበር ለሠራተኞቹና ለበጎ ፈቃደኞቹ በ2001 በወጣው የወሲብ ወንጀለኞችን ቅጥር በሚከለክለው ሕግ የሚፈለገውን የፖሊስ ማረጋገጫ ከሥራው መጀመር በፊት ይይዛል። ማንም ሰው፣ የተከበረ የሽማግሌ ልጅም ቢሆን፣ ከዚህ ነጻ እንዳይደረግ። በጎ ፈቃደኞችም በሥራ ላይ ቢጎዱ የብሔራዊ መድን ሽፋን የሚያገኙት ማኅበሩ በጎ ፈቃደኛ ለመላክ እውቅና ካለውና ከመዘገባቸው ነውና፣ እውቅናው መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቦታው

ብዙ ትናንሽ ማኅበራትና ምኩራቦች የሚሠሩት በሕዝብ የቦምብ መጠለያ፣ በሚክላት ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ዓመታት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን በአስቸኳይ ጊዜ መጠለያው ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን መተላለፊያውን እንዳይዘጋ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ወደ ግድግዳ የሚጠጉ እንዲሆኑ፣ ቁልፉም ለማዘጋጃ ቤቱ የታወቀ እንዲሆን ያድርጉ። ማኅበሩ ሲያድግ ከማዘጋጃ ቤቱ ያለ ክፍያ ቦታ ለማግኘት የሚያስችል ግልጽ የድልድል ሥርዓት አለ፤ ጥያቄው ይታተማል፣ ተቃውሞ ይሰማል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ከንቲባው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ከከተማው የንብረት ግብር፣ ከአርኖና፣ ነጻ የመሆን መብትም ለአንዳንድ የበጎ ፈቃድ ተቋማት አለ፤ ካልጠየቁት ግን ማንም አይሰጥዎትም።

ሁሉን አለመያዝ

ሲያድግ ማኅበሩ ሰው የሚያመጣለትን ችግር ሁሉ ለመፍታት ይሞክራል። አድልዎ ለደረሰበት ሠራተኛ የሚቆም ሙያዊ ድርጅት አስቀድሞ አለ፤ በ2000 የተቋቋመው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት ለኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከ1993 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ አይሁዶች ማኅበር በፖሊሲ ጉዳዮች ይከራከራል፤ በ1997 የተመሠረተው ፊደልም በትምህርት መስክ የቆየ ልምድ አለው። ትንሹ ማኅበር ሰውን ወደ እነዚህ መምራት፣ አብሮም መሄድ ይችላል። በስማቸው ሥር መዋጥ ግን የለበትም፤ ትልቁ ድርጅት አጋር ሲሆን ስምምነቱ ማን የተገልጋዩን ዝርዝር እንደሚይዝ፣ ማን ሪፖርት እንደሚጽፍ፣ ገንዘቡ ቢያልቅ ሥራው በማን እንደሚቀጥል በጽሑፍ ይገልጻል።

በውስጥ ቅራኔ ሲነሳ ሽምግልና አለን። በቦርድ አባላት መካከል የተነሳ ቂም በፍርድ ቤት ከመታየቱ በፊት በሽማግሌዎች ፊት ይታይ፤ ይህ ማኅበረሰቡ ከሀገር ቤት ይዞ የመጣውና እስካሁን የሚሠራ ሀብት ነው። ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ነገር በማኅበሩ ገንዘብ ወይም ሥልጣን ላይ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ግን ቦርዱ ተሰብስቦ በቃለ ጉባኤ ሊያጸድቀው ይገባል።

ወጣቶችን ወደ ቦርዱ ሲያስገቡ ከአባቶች ጋር እኩል ቁጥር ይኑራቸው፣ የአንድ ዓመት መለማመጃ ጊዜም ይሰጣቸው። ገንዘብ ያዥ ሊሆን የታሰበው ወጣት መጀመሪያ ከነባሩ ገንዘብ ያዥ ጎን ተቀምጦ አንድ ሙሉ የሪፖርት ዙር፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁን 30፣ ይይ።

የእርስዎም ድጋፍ ከመጀመሪያው የተወሰነ ጊዜ ይኑረው፤ ሁለት የሪፖርት ዙር ብዙ ጊዜ ይበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ ከማኅበሩ አንድ ሰው ጋር አብረው ይሥሩት። ሲወጡ የባንክ ፈራሚነትዎን ይሰርዙ፣ የመዝጋቢውን ድረ ገጽ የይለፍ ቃልና የኢሜይሉን መክፈቻ ለተተኪው ያስረክቡ፣ የሰነዶቹን ዝርዝር ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ቅጂውን በማኅበሩ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ፤ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤም ርክክቡ በአማርኛና በትግርኛ ለአባላቱ ይነገር።